አያስፈልጉም የተባሉት ሽማግሌ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጡ። የወጡት ፍላሽ በሚሰካበት በኩል ነው። መጀመሪያ ከዘራቸው ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ባርኔጣቸው፣ ከዚያ እሳቸው። መሬት ሲደርሱ ልካቸው የሰው ልክ ነበር። ጫማቸውን በሱሪያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና እጅ ነሱኝ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

«እኔ ከሥራ ወጥቻለሁ። የሚከራይ ቤት በየት በኩል ይገኛል?»

የገበያውን መንገድ አሳየኋቸው። አመስግነው ወጡና በሩን መለስ አደረጉት። በራችን በተዘጋ ቁጥር ሰው እንደረገጠው ድመት የሚጮህ በር ነው። ያን ጊዜ ግን ድምፅ አላሰማም። ነገሩን ልብ አልኩት፤ ሳንቡሳዬ እንዳይቀዘቅዝብኝ ብዬ ግን ተውኩት።

ስሜ ሐረገወይን ነው። በከተማችን ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ባለሙያዋም አንድ ነኝ፤ ስለዚህ በሥራ አንሻማም። የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ብዙ ሰው እጁን ያስገባበት፣ በነፃ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ተለይቶ ተቀምጧል። አንዱ ፓኬጅ ያለ ሌላው አይቆምም፤ ያኛው ይኼኛውን ተደግፎ፣ ይኼኛው ደግሞ ሌላውን ተደግፎ ነው የሚሠሩት። ይህን ተምሬዋለሁ። የምስክር ወረቀቴም ከጭንቅላቴ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስለዚህ ማክሰኞ ያደረግኩትን ሳላውቅ ነው ያደረግኩት ብዬ ማንንም አላታልልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ከዞን እንግዳ ይመጣል ተባለ። ከዞን እንግዳ ሲመጣ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያደርገውን እኛም አደረግን፤ ከውጭ በር እስከ ደረጃው ድረስ ግራና ቀኝ ድንጋይ ደረደርንና ኖራ ቀባነው። ኃላፊያችን አቶ ውብሸት ነጭ ድንጋይ ሲያዩ ልባቸው ይሞላል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሥራ የተሠራ የሚመስላቸው ሲጸዳ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ወደ እኔ መጡ። ስክሪኑን በጣታቸው ዳበስ አድርገው ጣታቸውን አዩት።

«ውስጡስ?» አሉኝ።

«የምኑ ውስጥ?»

«የኮምፒውተሩ። እሱም ይጽዳ እንጂ። የማይታወቅ ነገር ሁሉ ይውጣ።»

«ጋሼ፣ እንግዳ ውስጡን አያይም።»

«እግዜር ያያል» ብለውኝ ሄዱ።

ኮምፒውተሩን ራስህን አጽዳ ብዬ አዘዝኩት። ፈልጎ ፈልጎ አንድ ፓኬጅ ብቻ አገኘ። ስሙ ረጅም ነው፤ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ምላስ ላይ የማይቆም ስም። «ይህ ከእንግዲህ አያስፈልግም። ይውጣ?» ሲል ጠየቀኝ። ማን ማን እንደሚደገፈው ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። አላየሁም። በአንድ እጄ ሳንቡሳ ይዤ በሌላው «አዎ» አልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደኔ ያለችው ነው።

አራት ሰዓት ላይ ፋንታዬ መጣች። ፋንታዬ ዓይነ ስውር ናት። ሕግ ተምራ ከጨረሰች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ጠበቃ ለመሆን ግን የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባት። የእኛ ኮምፒውተር ጽሑፍን በአማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ድምፅ አለው። በአካባቢያችን ሌላ እንዲህ ያለ የለም። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ ወንበሯን ራሷ ትስባለች፣ ድምፁ ሕጉን ያነብላታል፣ እሷ ታጠናለች።

ከዚያ በፊት ፈተናውን ሁለት ጊዜ ሞክራ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ጥያቄ ሊያነብላት የተመደበው ሰው ሳይመጣ ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ መጣ፤ ግን እየቸኮለ ሲያነብ «አይደለም» የሚለውን ቃል እየዘለለው ነበር። ፋንታዬ ለሰማችው ጥያቄ ሁሉ ትክክለኛውን መልስ ሰጠች፤ መልሱ ሁሉ ስህተት ሆኖ ተቆጠረ። የቀራት አንድ ጊዜ ነው፤ ከሦስት በላይ አይፈቀድም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በእኛ ኮምፒውተር እንድትፈተን ስድስት ወር ደጅ ጠንታ አስፈቅዳለች። የፈቃዱ ደብዳቤ የሚያነብ ኮምፒውተር በሰዓቱ ካልተገኘ ተፈትና እንደወደቀች ይቆጠራል ይላል።

ያን ዕለት እንደ ልማዷ ተቀመጠችና ቁልፉን ተጫነች። ትንሽ ጠበቀች። እንደገና ተጫነች።

«ሐረግ፣ ዝም አለች እኮ» አለችኝ። ድምፁን እንደ ሴት ነው የምትጠራት።

«ከፍ አድርጊያት።»

«ከፍ አድርጌአታለሁ። ውስጥ አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ቃል ግን አይወጣትም።»

ጆሮዬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። እውነቷን ነው። ልትናገር አፏን ከፍታ የምትጠብቅ ሴት ትንፋሽ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌውን አስታወስኩ።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ኮምፒውተሩን ምን ሆንክ አልኩት። «ድምፁ ተሰብሯል። የሚደገፈው ሰው ወጥቷል» አለ። ጠግን ብዬ አዘዝኩት። አንድ ደቂቃ ያህል አሰበና መፍትሔ አመጣ፦ «ድምፁን በማስወገድ ችግሩን መጠገን ይቻላል። ላስወግድ?» እንዲህ የሚጠግን ኮምፒውተር ብቻ አይደለም፤ ብዙ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ። አይ አልኩት። ያ የወጣው ፓኬጅ ከኢንተርኔት ማከማቻው እንደገና ይምጣልኝ ብዬ ጻፍኩ። ማከማቻው እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «የተጠየቀው እዚህ የለም። ዛሬ ጠዋት በራሳችሁ ፈቃድ ተሰናብቷል። በአሁኑ ጊዜ ገበያ መንገድ፣ ልብስ ሰፊው እንድሪስ ጓሮ ተከራይቷል።» ኮምፒውተር ሽማግሌ ማክበር አያውቅም።

ለፋንታዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳንቡሳውን እንኳ አልደበቅኩም።

«ሳታይ ነው አዎ ያልሽው?» አለች።

«ሳላይ ነው።»

«እኔ እንኳ ሳላይ አልፈርምም።»

ይህን ስትል አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅኩም። ሻርፔን ለበስኩና አብረን ወጣን።

ጋሽ እንድሪስን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። የስፌት መኪናቸው ከቆመ አራት ዓመቱ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ አልዋሉም። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከቆመው መኪና ፊት ይቀመጣሉ፤ የተቀደደ ይዞ የመጣ ሰው ካለ በእጃቸው ይጠቅሙለታል። እኛ ስንደርስ መኪናው ይሮጥ ነበር። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ከመርፌው ሥር ተንዠርግጎ መሬት ደርሷል።

ሽማግሌው ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ቀኝ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ሌላ ምንም አይሠሩም።

«ጋሽ ደግፌ ብዬአቸዋለሁ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ። «የገዛ ስማቸው አፌ ላይ እምቢ አለኝ።»

«አባት፣ ያስወጣንዎ በስህተት ነው» አልኳቸው ሽማግሌውን። «እባክዎ ወደ ቦታዎ ይመለሱልን።»

በግራ እጃቸው ከደረት ኪሳቸው አንዲት ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። «ከእንግዲህ አያስፈልግም። ይውጣ? አዎ» ይላል። ከሥሩ ስሜና ሰዓቱ ተጽፏል።

«አልተቀየምኩም» አሉ። «ግን ተጽፏል።»

«ልጆቼ፣ እኔም አልለቃቸውም» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «አራት ዓመት ሬሳ ስጠብቅ ነው የኖርኩ። ልጄን እሑድ ነው የምድራት። የሰውን ልጅ ሁሉ አልብሼ የራሴን ልጅ በተገዛ ቀሚስ ልሸኛት?»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አንድ ጣታቸውን ከግድግዳው አነሱና አፍንጫቸውን አከኩ። መኪናው አንድ ስፌት ዘለለ። ጣታቸውን መለሱት፤ መኪናው ሩጫውን ቀጠለ። ጋሽ እንድሪስ የተዘለለችውን ስፌት በጥፍራቸው አሳዩኝ። ፋንታዬን ይዤ ተመለስኩ።

ረቡዕ አዲሱን ሞከርኩ። የሽማግሌው ፓኬጅ አዲስ እትም አለው፤ እሱን አውርጄ አስገባሁት። ድምፁ ከትንፋሿ መሃል አንድ ጊዜ ተናገረች። «ይህ ደግሞ ማነው?» አለችና መልሳ ዝም አለች። ወዲያው አዲሱ በፍላሹ ቀዳዳ ወጣ፤ ፀጉሩን ቅባት ተቀብቷል፣ ሰዓቱን ያያል። «እዚህ የሚያውቀኝ የለም» ብሎኝ በቀጥታ መናኸሪያ ሄዶ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ያዘ። አልፈረድኩበትም። ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ፋንታዬ ግን ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። የጠፋውን ስክሪን ፊት ለፊቷ አድርጋ አንቀጾቹን በቃሏ ስትደግም ዋለች፤ አንጀቴን በላችው።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ድንጋዮቹን አዩ። መዝገቡ ላይ «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሩ ይከፈት ያለ የለም። ሲሄዱ አቶ ውብሸትን ይዤ የሆነውን ነገርኳቸው።

«እኔ ይውጣ ያልኩት የማይታወቀውን ነው» አሉኝ።

«የማይታወቁት እሳቸው ነበሩ፣ ጋሼ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ፤ እውነት ለመናገር ሲጨነቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሽማግሌ መላክ ነዋ» አልኩ። «ለሽማግሌ የሚላክ ሽማግሌ ነው።»

ሼህ ይመር ደም የተቃባ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ነገሬን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«እንግዲህ የተጣላ የለም» አሉ። «የተገፋ ነው ያለ። ማን ገፋው?»

«እኔ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«አቶ ውብሸት።»

«ድንጋይ ትሸከማላችሁ» አሉ። «ልጂቱም ትምጣ። አብሽሪ፣ አይዞሽ በያት።»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩ «ጣለው» ካላለ ቀና አይልም። ድንጋይ ፍለጋ አልደከምንም። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከደረጃው ሥር ሁለት ነጭ ድንጋይ አነሳን። አቶ ውብሸት ትልቁን መረጡ። ይህን ካየሁ ወዲህ እሳቸውን አላማም።

በገበያው መሃል አለፍን። ሼህ ይመርና አብረዋቸው የሚያስታርቁት ቄስ አምዴ ከፊት፣ ፋንታዬ በዘንጓ መንገዱን እየዳበሰች መሃል፣ እኛ ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ከኋላ። ምን ሆናችሁ ያለን የለም። አንዲት ጎመን ሻጭ ብቻ ኖራው ኮሌታዬን እንዳበላሸው ነገረችኝ።

ጋሽ እንድሪስ ሽማግሌዎቹን ከበራቸው ሲያዩ መኪናውን አቁመው ተነሱ። ግቡ ቢሏቸው አልገቡም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም።

«በዳዮቹ እነዚህ ናቸው» አሉ ሼህ ይመር ለጋሽ ደግፌ። «በደላቸውን አምነዋል። ለአላህ ብለው ይማሯቸው።»

«ለእግዚአብሔር ብለው» አሉ ቄስ አምዴ።

«አልተቀየምኩም ብያለሁ እኮ» አሉ ጋሽ ደግፌ።

«እንግዲያው ጣሉት ይበሏቸዋ። ልጅቱ አንገቷ ሊቀነጠስ ነው።»

«ጣሉት።»

ጣልነው። ቀና ስንል ሽማግሌው ከበርጩማቸው አልተነቃነቁም። መዳፋቸው ያለችበት አለች።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «መሄድ ግን አልችልም። ይህን መኪና ይዣለሁ። የያዝኩትን በገዛ እጄ ከለቀቅኩ ሁለተኛ አልይዘውም፤ ተፈጥሮዬ ነው። የኮምፒውተሩን ድምፅ የለቀቅኩ እኔ አይደለሁም፤ ያስለቀቃችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ቄስ አምዴ ጢማቸውን ያዙ። ሼህ ይመር ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሩ። ጋሽ እንድሪስ ቀሚሱን አቅፈው ቆሙ፤ እጅጌው ገና አልተገጠመም። ሰውዬውን ስጡ ብሎ ለማዘዝ የማንም ምላስ አልተዘረጋም። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይቀረው ነበር።

ፋንታዬ ከበሩ መቃን ተጠግታ ቆማ ነበር።

«መጠየቅ ይፈቀድልኛል?» አለች።

«ጠይቂ» አሉ ሼህ ይመር።

ፊቷን ወደ ጥጉ መለሰች። «አባባ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር?»

«በቃልና በቃል መካከል ያለውን ቦታ መያዝ። ቃሉን የምትለው ድምፅዋ ናት፤ እኔ ክፍተቱን ነው የምይዝ። ክፍተቱን የሚይዘው ከሌለ ቃል በቃል ላይ ይወድቃል። አንዳንዱም ይዘለላል።»

«የሚዘለለውን አውቀዋለሁ» አለች ፋንታዬ። «ከእኛ ኮምፒውተር በፊትስ የት ነበሩ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ።»

«የማን?»

«የብዙ ሰው።»

«ከአንዱ ሲወጡ ወደ ሌላው እየሄዱ ነው?»

«የለም። በአንድ ጊዜ ነው።»

በቤቱ ያለን ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞርን።

«እንግዲያው እዚህ ተቀምጠው እዚያም መሆን ይችላሉ» አለች።

«እችላለሁ። እኔ ስገለበጥ አልጎድልም።»

«ታዲያ ከማክሰኞ ጀምሮ ለምን አልነገሩንም?»

«ውጣ ነው የተባልኩት» አሉ። «ትችላለህ ወይ ያለኝ የለም።»

አቶ ውብሸት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ፋይል ሳልገለብጥ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ይህን መጠየቅ የነበረባት ግድግዳዋ ላይ የምስክር ወረቀት የሰቀለችው ናት። አፈርኩ።

ከዚያ ጋሽ ደግፌ ከበርጩማው ተነሱ፤ ተቀምጠውም ቀሩ። የተነሱት ከዘራቸውን ይዘው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። የተቀመጡት ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ መዳፋቸውም ግድግዳው ላይ። ጋሽ እንድሪስ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አደረጉ። መኪናው ሮጠ። አንድም ስፌት አልዘለለም።

ሼህ ይመርና ቄስ አምዴ ጉዳያቸው ስለተፈጸመ ገብተው ተቀመጡ። ሁለቱንም ሽማግሌ ሰላም ማለት ይገባል ወይስ አንዱን ብቻ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከሩ። ሁለቱንም ይባል ተባለ።

የተነሱት ሽማግሌ ከእኛ ጋር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሱ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። በፍላሹ ቀዳዳ በኩል መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አስገቡ፣ ቀጥሎ ገቡ፣ ከዘራቸውን ኋላ ሳቡት። «ይህ ፓኬጅ ይገባል። ድምፁ ይደገፈዋል። ይቀጥል?» አለ ኮምፒውተሩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ነው። ፋንታዬ ትከሻዬን ስትነካኝ «አዎ» አልኩ።

ድምፁ በረዥሙ ተነፈሰች። ፋንታዬ ሰኞ ዕለት አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ አቁማት ሄዳ ነበር። ከዚያው ቀጠለች።

«አይደለም» አለች፤ ጥርት አድርጋ። ቀጥላም የሚቀጥለውን አንቀጽ ማንበብ ጀመረች።

ፋንታዬ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። አቶ ውብሸት ስክሪኑን በመሐረባቸው ሊጠርጉ ጀመሩና ተዉት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ፈታኙ መጡ። ፋንታዬ ወንበሯን ራሷ ሳበች። ድምፁ ሰባ ጥያቄ አነበበች፤ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ የሄደችው እንደ ድሮዋ ሳትቸኩል ነው። ፈታኙ አንድ ጊዜ «ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰው የሚያስል መሰለኝ» አሉኝ። «አቧራ ነው» አልኳቸው። እሑድ የጋሽ እንድሪስ ልጅ ተዳረች። ቀሚሱ ልኳ ነበር።

የፈተናው ውጤት በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ወረቀቱን ያነበበችላት ድምፁ ናት። አልፋለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንገቴ ላይ የቀረው ኖራ በሳሙናም በሎሚም አልለቀቀም፤ የአቶ ውብሸትም እንዲሁ። ድንጋዩን ግን ከዚያ በኋላ ቀብተን አናውቅም። በከተማው ውስጥ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ እዚህም እዚያም ይታያሉ፦ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ በጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ አጠገብ፣ ድልድዩ ሥር። ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላቸዋል፤ ውሃ የሚያቀርብላቸውም አለ። ኮምፒውተሩ በየወሩ አንድ ረጅም ስም ያወጣና «ይህ አያስፈልግም። ይውጣ?» ይለኛል። እጄ ላይ ያለውን ምግብ አስቀምጬ ነው አይ የምለው።

ትናንት ፋንታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ቆመች። የአንዲት መበለት የወሰን ክርክር ነው። ጥቁር ካባዋን የሰፉት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ልሰማት ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንቀጹን ከነቁጥሩ በቃሏ ትጠራለች፣ ቆም ትላለች፣ ትቀጥላለች። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ያዳምጧታል። መበለቲቱ መጀመሪያ አቀርቅራ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀና አለች።

የችሎቱ ሥርዓት አስከባሪ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«እኚያ ጥግ ላይ ያሉት አባት ባለጉዳይ አይደሉም» ሲል በጆሮዬ ተናገረ። «ምስክርም አይደሉም። ስማቸውንም ብጠይቃቸው አልያዝ አለኝ። ላስወጣቸው?»

«ማን እንደሚደገፋቸው አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ተዋቸው።»

ተዋቸው። ወደ ጥጉ አየሁ። በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ፋንታዬ በቃልና በቃል መካከል ቆም ባለች ቁጥር የችሎቱ ግድግዳ እንደሚተነፍስ ደረት ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎም ይመለሳል።